ውሃ ውስጥ ፎቶ እንዴት ይነሳል፦ ለጀማሪ የሚሆን ዝግጅት፣ የካሜራ ቅንብርና አነሳስ

ጀማሪ ውሃ ውስጥ የሚያነሳው ፎቶ ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ሁሉም ነገር ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ይሆናል፣ ዓሣው ትንሽና ደብዛዛ ይወጣል፣ ፍላሽ ከበራ ደግሞ ፎቶው በነጭ ነጠብጣብ ይሞላል። የሦስቱም ጉድለቶች መነሻ በሌንሱና በሚነሳው ነገር መካከል የገባው ውሃ ነው። ቀጥሎ የምናያቸው ዘዴዎች በሙሉ ወይ ያንን ውሃ ለመቀነስ ወይ ጉዳቱን ለማካካስ የሚደረጉ ናቸው።

ውሃ ብርሃኑን ምን ያደርገዋል?

ውሃ ሁሉንም ቀለም እኩል አያሳልፍም። ቀዩን አስቀድሞ ይውጠዋል፤ በጠራ ባሕር እንኳ 5 ሜትር ገደማ ላይ አብዛኛው ቀይ የለም። 10 ሜትር አካባቢ ብርቱካናማው ይከተላል፣ ከዚያ ቢጫው ይደክማል፣ ከዚያ በታች የሚቀረው በአመዛኙ ሰማያዊ ነው። ብዙዎች የሚስቱት የሚቆጠረው ጥልቀቱ ብቻ አለመሆኑን ነው። 3 ሜትር ላይ ሆነው፣ ከካሜራው 3 ሜትር የራቀ ዓሣ ቢያነሱ፣ ብርሃኑ ሌንስዎ ጋ እስኪደርስ 6 ሜትር ውሃ አቋርጧል። የፍላሽም ሂሳብ እንዲሁ ነው፤ 2 ሜትር የራቀ ነገር ላይ የበራ ፍላሽ ደርሶ እስኪመለስ 4 ሜትር ይጓዛል።

እ.ኤ.አ. በ1926 ዊሊያም ሎንግሊና ቻርልስ ማርቲን ፍሎሪዳ አጠገብ ባለው ድራይ ቶርቱጋስ የመጀመሪያዎቹን ባለ ቀለም የባሕር ውስጥ ፎቶዎች ሲያነሱ የገጠማቸው ችግር ይኸው የብርሃን ማነስ ነበር። ውሃው ላይ በሚንሳፈፍ መደብ የማግኒዚየም ዱቄት እያቀጣጠሉ ብርሃኑን ከላይ ላኩት። አደገኛ ዘዴ ነበር፤ ሐሳቡ ግን ዛሬም አልተለወጠም፦ ቀለም ከፈለጉ ብርሃኑን ይዘው መሄድ አለብዎት።

ሌላው የውሃ ጠባይ ርቀትን ማሳሳቱ ነው። በውሃ መነጽር ሲታይ 4 ሜትር ላይ ያለ ነገር 3 ሜትር ላይ ያለ ይመስላል። ስለዚህ «አሁን ደረስኩ» ብለው ካሜራውን ሲያነሱ ገና አልደረሱም። ለጀማሪ የሚሆን ደንብ ይህ ነው፦ ከ1 ሜትር በላይ የራቀን ነገር አያንሱ። ትልቅ እንስሳ ወይም ሰፊ ገጽታ ሲሆን ብቻ ደንቡን ይጣሱት።

ከካሜራው በፊት

የተጨመቀ አየር ሲሊንደር ተሸክመው የሚጠልቁ ከሆነ አስቀድመው ያለ ካሜራ ራስዎን ይፈትኑ። እጅና እግርዎን ሳያወናጭፉ፣ ሳይወጡና ሳይወርዱ፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል በአንድ ቦታ መንሳፈፍ ካልቻሉ ካሜራው ጀልባ ላይ ቢቆይ ይሻላል። ሚዛን የሌለው ጠላቂ በእግር መቅዘፊያው አሸዋውን ያናውጠዋል፣ ያ አሸዋ ደግሞ ፎቶው ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። ኮራልም ይሰበራል፤ ሲሰበር በዓመት ጥቂት ሚሊሜትር ወይም ጥቂት ሴንቲሜትር እያደገ የቆመ ነገር ነው የሚጠፋው። ፎቶውን ላለማንቀጥቀጥ ብሎ ትንፋሽን መያዝም ክልክል ነው። ትንፋሽ ይዞ ጥቂት ሜትር እንኳ ወደ ላይ መውጣት ሳንባን ሊጎዳ ይችላል። ካሜራ ሐሳብን ስለሚሰርቅ የአየር መለኪያዎንና ጥልቀትዎን በየጥቂት ፎቶው ማየት፣ አብሮዎት ያለው ጠላቂ የት እንዳለ ማረጋገጥ ልማድ ይሁን።

የትኛው ካሜራ?

ስልክ ላይ «አይፒ68» የሚል፣ ውሃና አቧራ መቋቋሙን የሚያሳይ ምልክት ካለ፣ ስልኩ የተፈተነው በንጹሕ ውሃ ነው። ለጨው ውሃ ዋስትና አይሆንም፤ ንክኪ ስክሪኑም ውሃ ውስጥ ትእዛዝ መቀበል ያቆማል። በስልክ ማንሳት የሚፈልግ ሰው ቁልፎች ያሉት ጠንካራ የውሃ መከላከያ ሳጥን ያስፈልገዋል። ውሃ የማይገባቸው ትንንሽ ካሜራዎች በአብዛኛው ከ10 እስከ 20 ሜትር ድረስ ይፈቀድላቸዋል፤ በላዩ ላይ ሃውዚንግ፣ ማለትም ለካሜራው ልክ የተሠራ ሳጥን፣ ሲገባላቸው ከዚያ በታች ይወርዳሉ።

ሌንስ የሚቀየርለት ካሜራ ከሆነ የሃውዚንጉ የፊት መስታወት ቅርጽ ወሳኝ ነው። ጠፍጣፋው መስታወት የሌንሱን ዕይታ ያጠባል፤ 28 ሚሊሜትር የነበረው ሌንስ 37 ገደማ የሆነ ያህል ያሳያል። ለትንንሽ ፍጥረታት ይህ ጥቅም ነው። ለሰፊ ዕይታ ግን የጉልላት ቅርጽ ያለው መስታወት ይመረጣል፣ ምክንያቱም የሌንሱን ስፋት እንዳለ ይጠብቃል። መጀመሪያ የሚገዛ ሰው ፎቶን በሮው ፎርማት፣ ማለትም ካሜራው የያዘውን መረጃ ሳይቀንስ፣ የሚያስቀምጥ አነስ ያለ ካሜራ ከሃውዚንጉ ጋር ቢይዝ በቂው ነው። ቀጥሎ ገንዘብ ሲገኝ ካሜራውን ከማሳደግ ይልቅ ከካሜራው ተነጥሎ በመያዣ ዘንግ ላይ የሚታሰር ፍላሽ መግዛት ብዙ እጥፍ ይጠቅማል።

ሃውዚንጉን ማሸግ

ካሜራዎች በአብዛኛው የሚበላሹት በጥልቀት ሳይሆን በችኮላ ነው። ሥራውን ጀልባ ላይ ሳይሆን ከመነሳትዎ በፊት፣ ደረቅና ብርሃን ባለበት ክፍል ውስጥ ይጨርሱት።

1. ባትሪውን ሞልተው፣ ሜሞሪ ካርዱን አስገብተው፣ የሌንሱን ክዳን አንስተው ጥቂት የሙከራ ፎቶ ያንሱ። ሃውዚንጉ ከተዘጋ በኋላ ክዳኑን ሌንሱ ላይ ማግኘት የተለመደ ነገር ነው።

2. ዋናውን ኦሪንግ፣ ማለትም ውሃ እንዳይገባ የሚያሽገውን የጎማ ቀለበት፣ በጣትዎ ገፍተው ወይም በፕላስቲክ ማውጫ ያውጡት። መርፌም ሆነ ቢላ አያስጠጉት። በሁለት ጣቶችዎ መካከል ሳይስቡ እያሳለፉ አሸዋ፣ ስንጥቅ ወይም ጠፍጣፋ ቦታ ካለ ይዳስሱ። ስንጥቅ ካገኙ ይጣሉት።

3. ኦሪንጉ የሚቀመጥበትን ቦይና በትይዩ የሚገጥመውን ገጽ ክር በማይተው ጨርቅ ይጥረጉ። አንዲት የፀጉር ዘለላ ለውሃ መንገድ ትከፍታለች።

4. ግሪሱን በጣም በጥቂቱ ይቀቡ፤ ጎማው እንዲያብለጨልጭ ብቻ። ውሃውን የሚያግደው የጎማው መጨመቅ እንጂ ግሪሱ አይደለም። ግሪስ ጎማው ሳይጠማዘዝ በቦታው እንዲቀመጥ ይረዳል፣ ሲበዛ ግን አሸዋና ፀጉር ይሰበስባል። ከሃውዚንጉ ጋር የመጣውን ግሪስ ብቻ ይጠቀሙ፤ አንዳንዱ ኦሪንግ ራሱ ከሲሊኮን ስለሚሠራ የማይስማማው ግሪስ ያሳብጠዋል።

5. እርጥበት የሚመጥ የሲሊካ ከረጢት አስገብተው ይዝጉ። ከዚያ ማሸጊያውን ዙሪያውን ይመልከቱ። ሃውዚንጉ ግልጽ ከሆነ ኦሪንጉ ያለ መቆራረጥ አንድ ወጥ መስመር ሠርቶ ይታያል።

አዲስ ወይም ብዙ የቆየ ሃውዚንግ ከሆነ መጀመሪያ ካሜራውን ሳያስገቡ፣ ውስጡ ደረቅ ሶፍት አድርገው ይዘውት ይጥለቁ። ሶፍቱ ደርቆ ከወጣ ካሜራው በቀጣዩ ይገባል።

መስታወቱ ከውስጥ በጉም የሚሸፈነው ሃውዚንጉ ሲዘጋ እርጥብ አየር ስለታሰረበት ነው። ካሜራው ይሞቃል፣ ውሃው መስታወቱን ያቀዘቅዘዋል፣ እርጥበቱም እዚያ ላይ ይጤዛል። ስለዚህ ቀዝቀዝ ባለና ደረቅ ክፍል ይዝጉት፣ ፀሐይ ላይም አያስቀምጡት።

ካሜራውን ይዘው አይዝለሉ፤ ከገቡ በኋላ ሰው እንዲያቀብልዎት ያድርጉ። ወዲያው ጥቂት ሴንቲሜትር ጥልቀት ላይ ይዘውት አረፋ ይወጣ እንደሆነ ይመልከቱ። ወደ ታች ሲወርዱ ግፊቱ ክዳኑን ይበልጥ ስለሚጭነው፣ ብዙ ፍሳሽ የሚታየው ገና ከላይ ነው። ውስጡ ውሃ ካዩ ሌንሱን ወደ ታች አዙረው ውሃው መስታወቱ ላይ እንዲጠራቀም ያድርጉና በተለመደው ፍጥነት ይውጡ። ለካሜራ ብሎ ፈጥኖ መውጣት አይገባም።

ያለ ፍላሽ ማንሳት

ከዚህ ይጀምሩ። ከ6 ሜትር በታች አይውረዱ፣ ሰዓቱ ፀሐይ ከፍ ያለችበት፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሁን። ፀሐይዋ ከጀርባዎ ሆና የሚያነሱትን ነገር ታብራው።

ፎርማቱን ሮው ያድርጉ። ጄፔግ (የተለመደው የተጨመቀ ፎርማት) ከሆነ ካሜራው ያጠፋውን ቀለም በኋላ ለመመለስ የቀረ መረጃ አነስተኛ ነው። ሹተሩ፣ ማለትም ብርሃን ለማስገባት የሚከፈተው መዝጊያ፣ ከ1/125 ሰከንድ አይዘግይ፤ ለፈጣን ዓሣ 1/250 ያድርጉት። እርስዎም ዓሣውም ውሃውም ስለምትንቀሳቀሱ በየብስ የሚበቃው 1/60 እዚህ አይበቃም። አፐርቸሩ፣ ማለትም የሌንሱ ቀዳዳ (ቁጥሩ ሲጨምር ይጠባል)፣ ከኤፍ5.6 እስከ ኤፍ8 ይሁን፤ አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ትብነት፣ በራሱ እንዲሠራ ትተው ጣሪያውን 800 ወይም 1600 ላይ ይገድቡት።

ቀጥሎ ዋይት ባላንስ፣ ማለትም ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲወጣ የሚያደርገው የቀለም ማስተካከያ፣ አለ። ካሜራው በእጅ ማስተካከያ ካለው ነጭ የፕላስቲክ ሰሌዳ ይዘው ይውረዱ። በሚያነሱበት ጥልቀት ላይ ብርሃን እንዲያርፍበት አድርገው ሰሌዳውን በካሜራው ያስለኩ። በየ3 ሜትሩ መለካቱን ይድገሙት፤ ካልደገሙት 4 ሜትር ላይ የተለካው ቅንብር 12 ሜትር ላይ አይሠራም፣ 12 ሜትር ላይ የተለካው ደግሞ ወደ ላይ ሲመለሱ ሁሉን ነገር ቀይ ያደርገዋል። ቀይ ፊልተርም ይረዳል፣ ግን የጎደለውን ቀይ አይጨምርም፤ የበዛውን ሰማያዊ ይቀንሳል እንጂ። በዚህም ምክንያት ብርሃን ያሳንሳል፣ ከውሃው የላይኛው ገጽ አጠገብ ጥቅም የለውም፣ ከፍላሽ ጋርም ፈጽሞ አይሄድም። ውሃው ሰማያዊ ሳይሆን አረንጓዴ ከሆነ የሚስማማው የማጀንታ፣ ማለትም ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀይ፣ ፊልተር ነው።

ከፍላሽ ጋር

እዚህ ላይ ጀማሪውን ግራ የሚያጋባ አንድ ነገር አለ፦ አንዱ ፎቶ ውስጥ ሁለት ብርሃን አለ። ከጀርባ ያለው ሰማያዊ ውሃ የሚበራው በፀሐይ ነው፤ ፊት ለፊት ያለው ዓሣ ደግሞ በፍላሽ። ፍላሹ ከሰከንድ እጅግ ትንሽ ክፍልፋይ በላይ ስለማይቆይ የሹተር ፍጥነት የሚቆጣጠረው የጀርባውን ውሃ ብቻ ነው። ዓሣውን የሚወስኑት የፍላሹ ኃይልና ርቀቱ ናቸው። አፐርቸርና አይኤስኦ ሁለቱንም ይነካሉ።

ለሰፊ ዕይታ መነሻው 1/125፣ ኤፍ8፣ አይኤስኦ 200 ነው። ፎቶ አንስተው ይመልከቱ። ጀርባው ነጥቶ ከሆነ 1/200 ያድርጉ፤ ጠቁሮ ከሆነ 1/80 ይሞክሩ። ጀርባው ተስተካክሎ ዓሣው ብቻ ከነጣ የፍላሹን ኃይል ይቀንሱ፤ ከጨለመ ይጨምሩ ወይም ይቅረቡ። በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አይለውጡ፣ አለዚያ የትኛው ምን እንዳደረገ አያውቁም። ሌንስ የሚቀየርላቸው ካሜራዎች ከፍላሽ ጋር አብዛኛውን ጊዜ ከ1/200 ወይም 1/250 በላይ አይፈጥኑም፤ ካለፉት ከፎቶው አንድ ጎን ጥቁር ሰፊ መስመር ይታያል።

ለትንንሽ ፍጥረታት፣ ማለትም ለማክሮ፣ 1/200፣ ከኤፍ11 እስከ ኤፍ16፣ አይኤስኦ 100 ላይ ይጀምሩ። ቅርበቱ ጥርት ያለውን ክፍል ወደ ጥቂት ሚሊሜትር ስለሚያጠበው አፐርቸሩ መጥበብ አለበት። ትንንሽ ካሜራዎች ከኤፍ8 ብዙ አያልፉም፣ ለእነሱ ያ ይበቃል። ፎከሱን በአንድ ነጥብ አድርገው ዓይኑ ላይ ያሳርፉት። በጨለማ ካሜራው ፎከስ እየፈለገ ከተንገላታ ትንሽ የእጅ ባትሪ ያብሩለት። ማክሮ ለጀማሪ ከሁሉም የሚቀል ነው፤ መሃል ላይ ያለው ውሃ ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ስለሆነ ቀለሙም ጥራቱም ሳይጠፋ ይመጣል።

ነጭ ነጠብጣቦቹ የሚመጡት ፍላሹ በሌንሱና በዓሣው መካከል ያለውን ብናኝ ሲያበራ ነው። የካሜራው የራሱ ፍላሽ ሌንሱ አጠገብ ስለሆነ ከሁሉም ይብሳል፤ ከማክሮ ውጭ ያጥፉት። ተነጣይ ፍላሽ ካለዎት ከሌንሱ ወደ ጎን አርቀው፣ ከካሜራው ፊት ወደ ኋላ አድርገው፣ ፊቱን ወደ ውጭ ትንሽ ያዙሩት። ዓሣውን የሚነካው የብርሃኑ መሃል ሳይሆን ጠርዙ ይሁን። ሰዎች በደመ ነፍስ ፍላሹን በቀጥታ ዓሣው ላይ ያነጣጥሩታል፤ የሚበራው ብናኙ ነው።

አቀራረብ

ዓሣን አያሳድዱ። የሚሸሽ ዓሣ ፎቶው ላይ ጭራ ብቻ ይተዋል። በሰያፍ፣ በዝግታ፣ በእርጋታ እየተነፈሱ ይጠጉ፤ ብዙ ዓሣዎች የለመዱት መንገድ ስላላቸው ቆመው ቢጠብቁ ተመልሰው ይመጣሉ። ከላይ ወደ ታች ማንሳትን ይተዉ፤ ዓሣው ከአለቱ ጋር ይደባለቃል። በዓይኑ ልክ ወይም ከዚያ ዝቅ ብለው ወደ ላይ ካነሱ ከጀርባው ንጹሕ ሰማያዊ ያገኛሉ።

ስክሪኑን አይመኑት። ጨለም ባለ ውሃ ውስጥ ስክሪን ከእውነቱ ይልቅ ደማቅ ሆኖ ይታያል፣ ላይ ሲወጡ ፎቶዎቹ ሁሉ ጨልመው ያገኟቸዋል። ሂስቶግራሙን፣ ማለትም ከጨለማ (ግራ) እስከ ደማቅ (ቀኝ) ያለውን ብርሃን የሚያሳየውን ግራፍ፣ ያንብቡ፤ ግራው ጥግ ላይ ከተከመረ ብርሃን ይጨምሩ።

ከወጡ በኋላ

ሃውዚንጉን ሳይከፍቱ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይዘፍዝፉት፤ በዚያው ቁልፎቹን ሁሉ ደጋግመው ይጫኑ። ጨው ከደረቀ በኋላ ቁልፉ ሥር ጠንክሮ ይቀራል፣ በኋላም ትንሿን ኦሪንግ ይበላታል። የጋራ ማጠቢያ በርሜል ውስጥ ትተውት አይሂዱ፤ በላዩ ሌላ ከባድ ዕቃ ሊወድቅበት ይችላል። ሲከፍቱ ሃውዚንጉንም ፀጉርዎንም ያድርቁ። በጥንቃቄ ታሽጎ ደርቆ የወጣ ካሜራ ላይ ከፀጉር የሚንጠባጠብ ውሃ ሲያርፍ ያናድዳል።

ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ መጀመሪያ ዋይት ባላንሱን ወደ ሞቃት፣ ቲንቱን (በአረንጓዴና በማጀንታ መካከል ያለውን ማስተካከያ) ወደ ማጀንታ ይግፉ፣ ከዚያ ኮንትራስቱን ይጨምሩ። 15 ሜትር ላይ ያለ ፍላሽ የተነሳን ፎቶ ግን ብዙ አይግፉት፤ ቀዩ መጀመሪያውኑ ካሜራው ውስጥ ስላልገባ የሚያገኙት ቀለም ሳይሆን ቀያይ ቅንጣት ነው። እንዲህ ያለውን ፎቶ ወደ ጥቁርና ነጭ መለወጥ ብዙ ጊዜ ያድነዋል።

ሃውዚንጉን ለወራት የማይጠቀሙበት ከሆነ ዋናውን ኦሪንግ አውጥተው ንጹሕ ከረጢት ውስጥ ያኑሩት። ተጨምቆ ከቆየ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ጠፍጣፋ ኦሪንግም ውሃ ያሳልፋል። በዓመት አንዴ በአዲስ ይተኩት፤ አንድ መለዋወጫም ሁልጊዜ ከግሪሱ ጋር አብሮ ይኑር።