የእንግሊዝ ገጠር የብስባሽ ቃላትን ስንተረጉም የሚደጋገሙ ስህተቶች

የትርጉም ረቂቆችን ሳርም ከሁሉ በላይ የሚያስመርረኝ «የበሰበሰ» የሚለውን ቃል ለሁሉም ነገር ማደል ነው። የእንግሊዝ ባላገር ምን እንደተበላሸ ሳይለይ አይናገርም፤ ያደረ የአሳማ ሥጋ ስቡ ሲከረፋ «ሪስቲ» ይላል፤ በምዕራብ አውራጃዎች ውስጡ ሞቶ በጣት የሚፈረፈር ግንድ «ዳዶክ» ይባላል፤ ስኮትላንዳዊው ደግሞ ውስጡ እንደ ስፖንጅ የላላ ተርኒፕ (ክብ ሥር ያለው አትክልት) ሲያገኝ «ፎዚ» ይለዋል። እኛስ እህል ነቀዘ፣ እንጀራ ሻገተ፣ ጎመን ጠወለገ እንል የለም እንዴ? «እንጀራው ነቀዘ» የሚል ሰው በገዛ ቤቱ ይሳቅበታል፤ ይኸው ሰው ብዕር ሲያነሳ ግን ሁሉንም በአንድ ቃል ጠቅልሎ ያልፋል።

ከሁሉ የሚብሰው «ብሌት» በሚለው ግስ ላይ የሚፈጸመው ነው። የሜድላር ፍሬ እንደተቀጠፈ ጠንካራና አፍ የሚያኮማትር ነው፤ በጭድ ላይ ተደርድሮ ለሳምንታት ሲቆይ ግን አፍ የሚያኮማትረው ታኒኑ ቀንሶ፣ ቡናማ ሆኖና ለስልሶ፣ በማንኪያ እየተዛቀ የሚበላ ጣፋጭ ይሆናል። ግሱ የሚገልጸው ይህንን መብሰል ነው። አንድ ጀማሪ ግን «የበሰበሰ ፍሬ አቀረበችለት» ብሎ በመተርጎሙ እንግዳዋን ያከበረችውን ሴት ባለጌ አደረጋት። ቃሉን የጥንት የገጠር ቃል ነው ብሎ በግርጌ ማስታወሻ ማስፈርም ስህተት ነው፤ ከፈረንሳይኛ ወስዶ እ.ኤ.አ. በ1835 ወደ እንግሊዝኛ ያስገባው የዕፅዋት ሊቁ ጆን ሊንድሊ ነው።

በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ የምትገኘውን የዶርሴት አውራጃ «ብሉ ቪኒ» አይብ በሰማያዊ መስመሮቹ ምክንያት ከደም ሥር (በእንግሊዝኛ «ቬይን») ጋር አታያይዙት። «ቪኒ» ከጥንታዊው እንግሊዝኛ «ፊኒግ»፣ ማለትም ከ«ሻጋታ»፣ የመጣ ሲሆን፣ «ፍ» ወደ «ቭ» የተለወጠው በደቡብ ምዕራቡ አነጋገር ነው።

ጆሴፍ ራይት ከ1898 እስከ 1905 በስድስት ቅጾች ያሳተመውን የእንግሊዝኛ ዘዬዎች መዝገበ ቃላት ሳይገልጡ መገመት ሌላው ጥፋት ነው፤ ቃሉ በየትኛው አውራጃ እንደሚነገር ጭምር ያመለክታል።

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። ውስጡ መበላሸት የጀመረ ፒር የተባለ ፍሬ በእንግሊዝኛ «ስሊፒ» (ቃል በቃል «እንቅልፋም») እንደሚባል ሳላውቅ፣ ቅኔ ያገኘሁ መስሎኝ «ያንቀላፋ ፒር» ብዬ ተርጉሜ ኮርቼበት ነበር። አራሚዬ ከጎኑ በእርሳስ «እሹሩሩ ያለው ማን ነው?» ብለው ጽፈው መለሱልኝ።