የባሕር ውሃ ለምን ጨዋማ እንደሆነ ለልጅ በድስትና በሲኒ እንዴት ማሳየት ይቻላል

«ጨውን ወደ ባሕር የሚያስገቡት ወንዞች ናቸው» የተባለ ልጅ «ታዲያ ዓባይ ለምን ጨው ጨው አይልም?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱንም በቃል ከማብራራት ይልቅ ምድጃ ላይ ማሳየት ይቀላል። የሚያስፈልገው አንድ ሊትር ውሃ፣ በሁለት ጣት የተቆነጠረ ጨው፣ ክዳን ያለው ድስትና የቡና ሲኒ ነው።

በቅድሚያ የጨው መነሻ ይነገረው። ዝናብ ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወስድ በጣም ደካማ አሲድ ይሆናል፤ በድንጋይና በአፈር ላይ ሲያልፍም ማዕድናትን በጥቂት በጥቂቱ እያሟሟ ወደ ወንዝ ይወስዳል። ልጁ ይህን ለማመን ካንገራገረ ትንሽ የአምቦ ውሃ በጥቁር ሰሃን ላይ ሳስቶ ፈስሶ ፀሐይ ላይ ይቀመጥ። ውሃው ሲደርቅ የሚቀረው ነጭ ነገር የወጥ ጨው ሳይሆን ውሃው ከመሬት ውስጥ ይዞት የወጣው ማዕድን ነው። በባሕር ወለል ላይ ያሉ ፍል ውሃዎችና እሳተ ገሞራዎችም የየራሳቸውን ድርሻ ይጨምራሉ፤ ለትንሽ ልጅ ግን ይህ ለሌላ ቀን ቢቆይ ይሻላል።

ቀጥሎ ቁንጥሯ ጨው በሊትሩ ውሃ ውስጥ ትሟሟና ልጁ ይቅመሰው። የጨው ጣዕም ከተሰማው ውሃ ይጨመርበት፤ ካልተሰማው ድስቱ ውስጥ ያለው «ወንዝ» ነው። ይህ ቅምሻ ፈጽሞ መዘለል የለበትም፤ ከተዘለለ ልጁ በመጨረሻ «አባዬ፣ ጨዉን የጨመርከው አንተ ነህ» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል።

አስቸጋሪው ክፍል እሳቱ ነው። ድስቱ ተከድኖ በዝግታ ይሙቅ፤ ውሃው እንፋሎት ማውጣት ሲጀምር፣ ገና ሳይንተከተክ፣ ክዳኑ ተነሥቶ ከሥሩ የተንጠለጠሉት ጠብታዎች በንጹሕ ማንኪያ ይሰብሰቡና ሲበርዱ ይቀመሱ። ምንም ጨው የላቸውም፤ ውሃው ተንኖ ሲወጣ ጨው አብሮት አይወጣምና። እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው እሳቱን ከፍ ያደርጋል፤ ያን ጊዜ የሚንተከተከው ውሃ ክዳኑ ላይ ይረጫል፣ ጠብታዎቹም ጨዋማ ሆነው ልጁ ከሚፈለገው ተቃራኒ ይማራል።

ከዚያ በኋላ ክዳኑ ይነሣና አንድ ሲኒ የማይሞላ ውሃ እስኪቀር ይፍላ። ምድጃው የአዋቂ ሥራ ነው፤ በተለይ ማለቂያው ላይ ድስቱ እንዳያርር አጠገቡ መቆም ያስፈልጋል። የቀረው ውሃ ወደ ሲኒው ተገልብጦ ሲበርድ ልጁ በምላሱ ጫፍ ይንካው። አሁን ጨው ጨው ይላል፤ ሆኖም ከመጀመሪያው ቁንጥር በኋላ ማንም ጨው አልጨመረበትም።

አሁን ካርታ ይውጣ። የጣና ውሃ በዓባይ በኩል ስለሚወጣ የሚገባበት ማዕድን አብሮት ይሄዳል፤ ስለዚህ ጨዋማ አይደለም። የአብያታ ሐይቅ ግን ከዝዋይ ሐይቅ በቡልቡላ ወንዝ ውሃ ይቀበላል እንጂ መውጫ ወንዝ የለውም፤ ውሃው ወደ ሰማይ ይተናል፣ የመጣው ማዕድን ይቀራል፤ ሶዳ አሽ የተባለውን ማዕድን ከውሃው ለማውጣት ፋብሪካ የተተከለበትም በዚሁ ምክንያት ነው። ውቅያኖስም እንደ አብያታ መውጫ የለውም። በአማካይ አንድ ኪሎ ግራም የባሕር ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው ሲይዝ፣ ትነቱ የበዛውና ወንዝ የማይገባበት ለማለት የሚያስደፍረው ቀይ ባሕር ወደ 40 ግራም ይጠጋል።

ጎበዝ ልጅ «ታዲያ ለምን እየጨመረ አይሄድም?» ይላል። ከባሕር የሚቀነስም ስላለ ነው። ዛጎል ያላቸው እንስሳት ካልሲየሙን ለዛጎላቸው ይወስዱታል፣ ሌላው ከጭቃ ጋር ወለሉ ላይ ይደላደላል። ሶዲየምና ክሎሪን፣ ማለትም የወጥ ጨው የሚሠራባቸው ሁለቱ፣ ውሃው ውስጥ እጅግ ረጅም ዘመን ስለሚቆዩ ግን የባሕር ጣዕም የእነሱ ጣዕም ሆነ። አንዳንዴ ደግሞ ባሕሩ ራሱ ተቆርጦ ይደርቃል። የቀይ ባሕር ውሃ በጥንት ዘመን ወደ ደናክል ገብቶ፣ በኋላም ከባሕሩ ተለይቶ ተንኗል፤ ዛሬ አፋሮች ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው በአሳሌ ሐይቅ ዳርቻ እየፈለጡ በግመል የሚጭኑት አሞሌ የዚያ ውሃ ቅሪት ነው።