ተርኪው ወደቀ፣ ከዚያ ጠፋ፦ የዱር ተርኪ አደን ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ኤፕሪል ሲገባ በቨርጂኒያም በሜሪላንድም የጸደይ ተርኪ አደን ይከፈታል። ወፉን በድምፅ አስመስሎ ስለመጥራት፣ ስለ ልብሱ፣ ስለ ጠመንጃው የሚያስተምር አይጠፋም። ከተኩሱ በኋላ ስላለችው ደቂቃ ግን ብዙ አይወራም። የተመታ ወፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው ግን በዚያች ደቂቃ ነው።

አውራው ተርኪ ከ7 እስከ 11 ኪሎ ይመዝናል። በሩጫ በሰዓት ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ከተነሳ ደግሞ ከዚያ በእጥፍ ፍጥነት ይበራል። ቆስሎም ቢሆን በእግር አትደርሱበትም።

ምልክት፦ ተኮሳችሁ፣ ወፉ ምንም ሳይሆን ሄደ

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ርቀት ነው። ተርኪ ትልቅ ስለሆነ ጫካ ውስጥ ዓይን ያታልላል፤ 60 ያርድ ላይ ያለው 40 ላይ የቆመ ይመስላል። መፍትሄው ወፉ ከመምጣቱ በፊት ነው የሚሠራው። ቦታ ይዛችሁ እንደተቀመጣችሁ በዙሪያው ያሉትን ዛፎች በርቀት መለኪያ ለኩ። 40 ያርድ (36 ሜትር ገደማ) ላይ ያለውን ዛፍ ለዩት። ወፉ ከዚያ ዛፍ ወዲያ ከሆነ ጣት ወደ ቃታ አይሄድም።

ሁለተኛው ጉንጭ ነው። ወፉን በደንብ ለማየት ስትጓጉ ፊታችሁ ከሰደፉ ላይ ይነሳል፣ አፈሙዙም ሳታውቁት ወደ ላይ ይላል። ጥይቱ ከራሱ በላይ ያልፋል። ጉንጩ ከሰደፉ ሳይነሳ፣ ቃታውም ሳይነጠቅ ቀስ ተብሎ ይሳባል።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነው፦ ወፉ ከመጠን በላይ ቀርቧል። በጠባብ ቾክ (የአፈሙዝ ማጥበቢያ) የተተኮሰ ጥይት 10 ሜትር ላይ በውስጡ ያሉት ትንንሽ ፍሬዎች ገና አልተበተኑም፤ ስፋቱ ከጡጫ ብዙም አይበልጥም። ያቺን ቀጭን አንገት ለመሳት ደግሞ ትንሽ መንቀጥቀጥ ይበቃል። የማታለያውን ተርኪ ምስል 20 ያርድ ገደማ ላይ ብታቆሙት አውራው እዚያው አካባቢ ይቆምላችኋል።

ሦስቱንም በአንድ የሚያጣራ ሥራ አለ። ከወቅቱ በፊት ሰፊ ወረቀት ዘርጉ፣ መሃሉ ላይ 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ሳሉ፣ በ20፣ በ30 እና በ40 ያርድ ተኩሱ። በአዳኞች ዘንድ የተለመደው መለኪያ በዚያ ክብ ውስጥ ወደ 100 ፍሬ መግባት አለበት የሚል ነው። በ30 ያርድ የሚሞላው ክብ በ40 ከሳሳ፣ የእናንተ ጠመንጃ የ30 ያርድ ጠመንጃ ነው፤ በቃ። ጥይት ወይም ቾክ በለወጣችሁ ቁጥር ሥራው ይደገማል። የተንግስተን ጥይት ከእርሳስ ስለሚከብድ ሩቅ ይደርሳል እያሉ 60 ያርድ ላይ የሚተኩሱ አሉ። ፍሬው ሊደርስ ይችላል። የሰውየው ዓይንና የርቀት ግምት ግን በጥይት ዋጋ አይሻሻልም።

ምልክት፦ ወደቀ፣ ተነሳና ሮጠ

ይሄ ነው ዋናው ራስ ምታት። ፍሬው ያገኘው ራሱንና የአንገት አጥንቱን ሳይሆን ገላውን ነው። የገላው ላባና የደረቱ ሥጋ ወፍራም ስለሆነ ይቆስላል እንጂ ወዲያው አይሞትም።

ብዙ ጊዜ የዚህ መነሻ ጅራቱን ዘርግቶ ሲንጎራደድ መተኮስ ነው። ያን ጊዜ አንገቱን ወደ ገላው ሰብስቦታል፣ ዒላማው ጠፍቷል። ታገሱት። የተርኪ ድምፅ በሚያወጣው መጥሪያ አጭርና ደረቅ ድምፅ አሰሙት፤ ምን እንደሆነ ለማየት አንገቱን ያሰግጋል። የሚነጣጠረው ቀዩ ቆዳ ከላባው ጋር የሚገናኝበት የአንገቱ ሥር ላይ ነው። አገር ቤት ጅግራና ቆቅ እየበረሩ የመታ ሰው እዚህ ልማዱን መተው አለበት። ተርኪ ቆሞ ነው የሚተኮሰው።

አሁን ግን ጥይቱ ወጥቷል። ምን ይደረግ? ጠመንጃውን ከትከሻ አታውርዱ። ወፉ ራሱን ቀና ካደረገና ከጀርባው ያለው ቦታ በእርግጠኝነት ባዶ ከሆነ ወዲያው ድገሙት። ከዚያ ተነሱና ሂዱ። አጋዘን ሲመታ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብሎ መጠበቅ የተለመደ ነው፤ ተርኪ ላይ ይሄ ሕግ አይሠራም። አፈሙዙ ደህና አቅጣጫ እንደያዘ፣ ሴፍቲው (የቃታው መቆለፊያ) ተዘግቶ፣ ጣት ከቃታ ርቆ፣ ፈጠን ባለ እርምጃ። በቁጥቋጦ መሃል የተደገነ ጠመንጃ ይዞ መሮጥ ከወፉ የባሰ ነገር ያሳጣል።

ምልክት፦ መሬት ላይ ክንፉን እየመታ ይንፈራገጣል

ይሄ ብቻውን አያስደነግጥም፣ አያስደስትምም። የሞተ ተርኪም ይንፈራገጣል። ራሱን ተመልከቱ። ራሱ ከወደቀና አንገቱ ከዛለ አልቆለታል። ራሱን እያነሳ ከሆነ ሊያመልጥ ነው።

በእጅ ለመያዝ ግን አትቸኩሉ። የአውራው እግር በስተኋላ በኩል እንደ አውራ ዶሮ ሹል እሾህ አለው፤ ያረጀው ሲሆን ረጅምና ስል ነው። እጅ ይሰነጥቃል። ክንፉም ፊት ላይ ካረፈ ቀልድ አይደለም። በወፍራም ጫማ አንገቱን ረግጣችሁ እስኪረጋ ቁሙ።

ምልክት፦ በረረና ከዓይን ጠፋ

ሲበር እግሮቹ ተንጠልጥለው ከታዩ ወይም ወደ አንድ ጎን ካጋደለ ተመትቷል ብላችሁ ያዙት። የተመታ ወፍ ከፍታ መውጣት ስለሚከብደው ብዙ ጊዜ ክንፉን ዘርግቶ ወደ ቁልቁለት ይንሸራተታል።

ከቦታችሁ ሳትነሱ ሁለት ነገር አድርጉ። መጨረሻ ያያችሁበትን ዛፍ በዓይን ያዙ፤ አቅጣጫውንም በስልክ ኮምፓስ መዝግቡ። የተቀመጣችሁበት ዛፍ ላይ ደማቅ ሪባን እሰሩ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብላችሁ አዳምጡ። ክንፍ ደረቅ ቅጠል ሲመታ ከሩቅ ይሰማል።

ምልክት፦ ላባ አለ፣ ደም የለም

ያልተመታ እንዳይመስላችሁ። ላባው ደሙን ይመጠዋል፣ መሬት ላይ የሚንጠባጠበው ኢምንት ነው። ላባውን አንብቡት። ረጅም የክንፍ ወይም የጅራት ላባ ብቻ ከሆነ ምናልባት ዳር ዳሩን ነክታችሁታል። አጫጭር የገላ ላባ በብዛት ካለ ቁስሉ ከባድ ሊሆን ይችላል። የአውራው የደረት ላባ ጫፉ ጥቁር ነው። ጫፉ ቡናማ ከሆነ ያገኛችሁት ሴቷን ነው፤ የጸደይ አደን ደግሞ ለአውራው፣ ደረቱ ላይ ጺም (ፀጉር የመሰለ ላባ) ላለው ነው የሚፈቀደው። ከኋላ የቆመች ሌላ ወፍ በተበተነው ፍሬ ተመትታ ከሆነ ደብቆ መሄድ አያዋጣም። ለግዛቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ራሳችሁ ደውሉ።

ፍለጋው መጨረሻ ላባ ከታየበት ይጀመራል። ክቡን እያሰፋችሁ ዙሩ፣ በዝግታ። የቆሰለ ተርኪ እንደምትገምቱት ሩቅ ላይሄድ ይችላል፤ የወደቀ ግንድ ሥር፣ የጭራሮ ክምር ውስጥ ወይም የጅረት ዳር ስርጉድ ውስጥ ራሱን አስገብቶ ቅጠል መስሎ ይተኛል። እግራችሁ ሥር ሆኖም ላይንቀሳቀስ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱን ግንድ ከሁለቱም በኩል እዩ። ለፍለጋ ውሻ መጠቀም በአንዳንድ ግዛት ይፈቀዳል፣ በአንዳንዱ ክልክል ነው፤ ከወቅቱ በፊት መመሪያውን አንብቡ።

አጥር ከተሻገረ? ቁሙ። መሬቱ የሌላ ሰው ከሆነ አንኳኩና አስፈቅዱ። ካልፈቀደላችሁ ባለሥልጣኑን ጥሩ። ወፉ የእኔ ነው ማለት መሬቱን የእናንተ አያደርገውም።

በፍለጋ ላይ አንድ ነገር እንዳትረሱ፦ ብርቱካናማ ኮፍያና ሰደርያ አድርጉ። በጸደይ የአውራው ራስ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ነው፤ በእነዚህ ቀለማት በቁጥቋጦ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሰው ለሌላ አዳኝ ምን እንደሚመስለው አስቡት። ያገኛችሁትን ወፍም ራሱን አንጠልጥላችሁ በትከሻ አትሸከሙት። በብርቱካናማ ከረጢት ሸፍኑት። ከቁጥቋጦ ውስጥ የተርኪ ድምፅ ሰማሁ ብሎ ወደ ድምፁ መሳብም ያው ነው፣ የሚጠራው ሰው ሊሆን ይችላል።

ምልክት፦ ወፉ ተገኘ፣ ሥጋው ግን ጠረን አመጣ

ምክንያቱ ሙቀት ነው። የኤፕሪልና የሜይ ቀትር ይሞቃል፣ ወፍራሙ ላባ ደግሞ ሙቀቱን ይዞ ያቆያል። ግዛቱ የሚጠይቀውን ታግና ምዝገባ ጨርሱ፣ ሆድ ዕቃውን ቶሎ አውጡ፣ በበረዶ የተሞላ ኩለር መኪና ውስጥ ይጠብቃችሁ። ለሚጾም ሰው ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በ2024 ለምሳሌ ፋሲካ ሜይ 5 ስለዋለ ከወቅቱ ብዙ ቀን ያለፈው በጾም ነበር። ደህና አድርጎ አቀዝቅዞ ፍሪዘር ማስገባት ያኔ ግዴታ ነው።

ሥጋው ሲበለት የጠቆረ ነጠብጣብና ወደ ውስጥ የገባ ላባ ካያችሁ መጨረሻው ላይ ፍሬ አለ። ቆርጣችሁ አውጡት፤ እርሳስ መርዝ ነው፣ ተንግስተን ደግሞ ጥርስ ይሰብራል። እግሩ ውስጥ እንደ አጥንት የጠነከሩ ጅማቶች ስላሉ ጥብስ አይሆንም። ለዘለግ ያለ ሰዓት በዝግታ ቀቅሉት፣ ሥጋው ከአጥንቱ ሲለቅ ጅማቱን ምዘዙ፣ ከዚያ ቀይ ሽንኩርቱና በርበሬው በደንብ የበሰለበት ቁሌት ውስጥ ጨምሩት።