የቡድን አማካይን ከዝርዝር ረድፎች ጋር በኤስኪውኤል ሲያሰሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ተማሪ፣ ክፍል እና ውጤት የሚሉ ዓምዶች ያሉት ሠንጠረዥ እንውሰድ። በክፍል «ሀ» ሦስት ተማሪዎች 60፣ 75 እና 90 አምጥተዋል፤ የክፍሉ አማካይ 75 ነው። የሚፈለገው ይህ 75 በሦስቱም ተማሪዎች ረድፍ ላይ፣ ከየራሳቸው ውጤት ጎን እንዲወጣ ነው። ከታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ኩዌሪውን (ለዳታቤዙ የሚጻፈውን ጥያቄ) አያስቆሙትም፤ የተሳሳተ ቁጥር ይዞ ያልፋል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ግሩፕ ባይን ለዚህ ሥራ መጠቀም

ግሩፕ ባይ እያንዳንዱን ቡድን ወደ አንድ ረድፍ ስለሚጠቀልል ዝርዝሩ ይጠፋል። ዝርዝሩን ለማትረፍ የተማሪውን ስም ግሩፕ ባይ ውስጥ መጨመር ደግሞ ይብሳል፤ እያንዳንዱ ተማሪ ራሱን የቻለ ቡድን ይሆንና አማካይ ተብሎ የሚወጣው የገዛ ውጤቱ ነው። ትክክለኛው አጻጻፍ ይህ ነው፦

ኤቪጂ(ውጤት) ኦቨር (ፓርቲሽን ባይ ክፍል)

ኤቪጂ አማካዩን ያሰላል፤ ፓርቲሽን ባይ ስሌቱ በየትኛው ቡድን እንደሚሆን ይናገራል። ይህ ዊንዶው ፈንክሽን (ረድፎቹን ሳይጠቀልል በቡድን የሚያሰላ) በማይኤስኪውኤል ከ8.0፣ በኤስኪውላይት ከ3.25 ጀምሮ ይሠራል። በቆዩ ስሪቶች አማካዩን በሰብኩዌሪ (በኩዌሪ ውስጥ ባለ ኩዌሪ) አስልተው ከዋናው ሠንጠረዥ ጋር በጆይን (ሠንጠረዦችን በሚያጣምረው ትእዛዝ) ያገናኙታል። ያኔ ክፍሉ ናል (ያልተሞላ ባዶ) የሆነ ተማሪ በኢነር ጆይን (የሚገጥሙ ረድፎችን ብቻ በሚያስቀር ጆይን) ከኩዌሪው ውጤት ይወድቃል፤ ናል ከናል ጋር በእኩል ምልክት አይገጥምምና። ፓርቲሽን ባይ ግን ናሎችን በአንድ ቡድን ይሰበስባቸዋል።

ኦቨር ውስጥ ኦርደር ባይ መጨመር

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ረድፎቹ ተሰድረው እንዲወጡ ተብሎ ኦቨር (ፓርቲሽን ባይ ክፍል ኦርደር ባይ ውጤት) ሲጻፍ፣ በሦስቱ ረድፎች ላይ 75፣ 75፣ 75 ሳይሆን 60፣ 67.5፣ 75 ይወጣል። ምክንያቱም ኦርደር ባይ ሲገባ ስሌቱ ከቡድኑ መጀመሪያ እስከ አሁኑ ረድፍ ድረስ ብቻ ይሆናል፤ እኩል ውጤት ያላቸው ረድፎችም አብረው ይቆጠራሉ። የመጨረሻው ረድፍ ሁልጊዜ ትክክል ስለሆነ፣ እሱን ብቻ ያየ ሰው ስህተቱን አያገኘውም። ረድፎቹን ለመደርደር ብቻ ከሆነ ኦርደር ባይን ከኦቨር አውጥተው ኩዌሪው መጨረሻ ላይ ያድርጉት።

በዌር ቀድሞ ማጣራት

ረድፎችን የሚያጣራው ዌር የሚሠራው ከዊንዶው ፈንክሽኑ በፊት ነው። «ውጤት ከ70 በላይ» ብለው ካጣሩ 60 ያመጣው ተማሪ ከስሌቱም ይወጣል፤ አማካዩም 82.5 ይሆናል። ከአማካይ በላይ ያመጡትን ለመምረጥ ዊንዶው ፈንክሽኑን ራሱን ዌር ውስጥ ማስገባትን ደግሞ ዳታቤዙ ጭራሽ አይቀበለውም። መፍትሔው ለሁለቱም አንድ ነው፦ አማካዩን በዊዝ (ከዋናው ኩዌሪ በፊት ስም ተሰጥቶት በሚጻፍ ኩዌሪ) ወይም በሰብኩዌሪ መጀመሪያ ያስሉ፣ ማጣሪያውን በውጪኛው ኩዌሪ ላይ ያድርጉ።

ናልን በዜሮ መተካት

ያልተፈተነ አራተኛ ተማሪ ቢኖርና ውጤቱ ናል ቢሆን፣ ኤቪጂ ይዘለዋል፤ አማካዩ 75 እንደሆነ ይቆያል። ናልን በሌላ ዋጋ በሚተካው ኮአለስ ወደ 0 ከቀየሩት ግን አካፋዩ 4 ይሆንና አማካዩ ወደ 56.25 ይወርዳል። ያልተፈተነና ዜሮ ያመጣ ይለያያሉ።

ኢንቲጀር ዓምድ

ኤስኪውኤል ሰርቨር ውስጥ ዓምዱ ኢንት (ሙሉ ቁጥር ብቻ የሚይዝ) ከሆነ ኤቪጂም ኢንት ይመልሳል፤ 67.5 የነበረው 67 ይሆናል። ዓምዱን በካስት (የዓምድ ዓይነት በሚቀይረው ትእዛዝ) ወደ ዴሲማል፣ ማለትም ወደ አስርዮሽ ቁጥር፣ ቀይረው ያስሉ። ፖስትግሬስ ላይ ይህ ችግር የለም።

ረድፍ ከሚያባዛ ጆይን በኋላ ማስላት

90 ያመጣው ተማሪ በስልክ ሠንጠረዥ ላይ ሁለት ቁጥር ካለው፣ ከጆይኑ በኋላ ሁለት ረድፍ ይኖረዋል። ስሌቱም 60፣ 75፣ 90፣ 90 ይሆንና 78.75 ይወጣል። ኤቪጂ ላይ ዲስቲንክት (ተደጋጋሚ ዋጋን አንድ ጊዜ ብቻ የሚቆጥር) መጨመር አያድንም፤ ፖስትግሬስም ኤስኪውኤል ሰርቨርም በዊንዶው ፈንክሽን ውስጥ አይቀበሉትም፤ ቢቀበሉት እንኳ በእውነት እኩል ያመጡ ሁለት ተማሪዎችን እንደ አንድ ይቆጥር ነበር። አማካዩን ከጆይኑ በፊት ያስሉ። ረድፍ መባዛቱን ለማወቅ የካውንት(*)፣ ማለትም የረድፍ ብዛት፣ ውጤትን ከጆይኑ በፊትና በኋላ ያወዳድሩ፤ ቁጥሩ ከጨመረ ተባዝቷል።