ተረከዝዎን ከመወጋትዎ በፊት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ የመጀመሪያዋ እርምጃ ሚስማር የረገጡ ያህል ታስጮኽዎታለች? ትንሽ ሲራመዱስ ለቀቅ ያደርግዎታል? ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ የታመመው ከተረከዝ እስከ ጣቶች ሥር በውስጥ እግር የተዘረጋው ጠንካራ ጅማት ነው። ትልቋ እህቴ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ፈረቃዋን ሙሉ ሲሚንቶ ላይ ቆማ ነው የምትውለው። ሐረጎን ወጥታ ደሴ ለሕክምና ስትመላለስ አብሬያት ነበርኩ። ብዙ ነገር የተማርኩት ከእሷ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት በመርፌ መጀመር ነው። አብዛኛው ሰው ያለ መርፌ ይድናል፤ ግን ወራት ይወስዳል፣ አንዳንዴ ዓመት ይሞላዋል። እህቴ አሁን ከአልጋ ሳትወርድ እግሯን ጉልበቷ ላይ ትሰቅላለች። ጣቶቿን በእጇ ይዛ ወደ ቅልጥሟ ትስባለች፣ አሥር እስኪቆጠር ትይዛለች። ይህን አሥር ጊዜ ትደግመዋለች። ማታ ደግሞ ውሃው በረዶ የሠራ ሃይላንድ በፎጣ ጠቅልላ ከውስጥ እግሯ ሥር ታንከባልላለች። ያንን ስስ ነጠላ ጫማም ትታዋለች።

ሁለተኛው፣ ምን እንደሚወጉ አለመጠየቅ። «መርፌ ተወጋሁ» ብቻውን ምንም አይናገርም። መቀመጫ ላይ የሚወጋው ዲክሎፌናክ ማስታገሻ ነው። ተረከዝ ላይ የሚሰጠው በአብዛኛው ስቴሮይድ ሲሆን ማደንዘዣ ይቀላቀልበታል። ፒአርፒ የሚባለው ከራስዎ ደም ተወስዶ፣ በማሽን ተሽከርክሮ ተጣርቶ መልሶ የሚወጋ ነው። ደረቅ መርፌ ደግሞ መድኃኒት የለውም። የሠለጠነ ባለሙያ የተቋጠረ የባት ወይም የእግር ጡንቻ ላይ ቀጭን መርፌ ያስገባል፤ ከዚያ አንድ ሁለት ቀን ቢቆረጥምዎ አይደንግጡ።

አሁን ወደ ዋናው። ስቴሮይድ ሲያሽልዎ ድኛለሁ አይበሉ። እህቴ በተወጋች በጥቂት ቀናት ውስጥ ህመሙ ድራሹ ጠፋ። ደስታዋን ብታዩ! እግሯን ማፍታታቱን ተወች፣ ወደዚያ ስስ ነጠላ ጫማም ተመለሰች። በሁለተኛው ወር ህመሙ ተመልሶ መጣ፣ እሷም «ድገሙልኝ» አለች። የስቴሮይድ ማስታገስ በአብዛኛው ለሳምንታት ነው። እነዚያ ሳምንታት እግርን የማጠንከሪያ ዕድል ናቸው። መርፌው ሲደጋገም ደግሞ ጅማቱ ሊበጠስ ይችላል፤ ተረከዝ ሥር ያለው የስብ ትራስም ሊሳሳ ይችላል። ትራሱ ከሳሳ በኋላ ድንጋይ በረገጡ ቁጥር አጥንትዎ ነው የሚረግጠው፣ መመለሻውም ከባድ ነው። ሐኪሟ እምቢ ስላላት ያኔ ተናድጄ ነበር። ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ስኳር ካለብዎ ሳይወጉ በፊት ይናገሩ፣ እባክዎ። ስቴሮይድ ለቀናት ስኳርን ከፍ ያደርጋል፤ በነዚያ ቀናት ቶሎ ቶሎ መለካት ያስፈልጋል። ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነም ሳይወጉ በፊት ይናገሩ።

ራጅ አንስተው «አጥንት በቅሏል» ሲባሉ መርፌው ያሟሟልኛል ብለው አይጠብቁ። አያሟሟውም። ያ አጥንት ምንም የማያማቸው ሰዎች ላይም ይታያል።

ሌላው፣ ተወግተው ሲወጡ የደሴን ዳገት በእግር መያያዝ። ማደንዘዣው ስላለ አያምዎትም፣ ስለዚህ ሳያውቁት ይጎዱታል። ባጃጅ ይያዙ። የመጀመሪያዎቹን አንድ ሁለት ሳምንታት ሩጫና ዝላይ ይቅር፣ ከባድ ሸክምም ለሌላ ይስጡ። ሥራዎ ቆሞ መዋል ከሆነ የሕክምና ፈቃድ ይጠይቁ፤ እህቴ አፍራ ሳትጠይቅ ቀርታ በማግስቱ ፈረቃ ገብታለች።

የተወጉበት ቦታ ቀልቶ ካበጠና ካተኮሰዎ፣ ወይም ሲራመዱ ድንገት ጧ ብሎ እግርዎ ካበጠ፣ በዚያው ቀን ይመለሱ። ተረከዝዎ ሌሊት ተኝተውም የሚያምዎ ወይም የሚደነዝዝዎ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ከነርቭ ወይም ከአጥንት ሊሆን ስለሚችል፣ መርፌ ከመታሰቡ በፊት እንደገና ይመርመሩ።