ስለ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ንድፍ በማስረጃ ለመከራከር

ስለ አንድ ረጅም ሕንፃ የሚነሣ ክርክር አብዛኛውን ጊዜ «ያምራል» እና «አያምርም» በሚሉ ሁለት ቃላት መካከል ተወጥሮ ይቀራል። ሁለቱም ወገኖች የሚያዩት ከሩቅ የተነሣ ፎቶግራፍ ስለሆነ አንዱ ሌላውን የሚያሳምንበት ነገር በእጁ የለውም። ስለዚህ አፍ ከመክፈት በፊት የሚቀድመው ሥራ ወደ ሕንፃው በእግር መሄድ ነው። ሁለት ጊዜ ይሂዱ፤ አንድ ጊዜ ጠዋት ሠራተኛ በሚገባበት ሰዓት፣ ሌላ ጊዜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል።

ሲደርሱ ወደ ላይ ለማንጋጠጥ አይቸኩሉ። በመጀመሪያ የሕንፃውን እግር ይመልከቱ፤ ምክንያቱም ከሕንፃው ጋር በየቀኑ ከሚገናኙት ሰዎች ብዙዎቹ ወደ ውስጥ ገብተው አያውቁም፤ በሥሩ ያልፋሉ፣ ታክሲ ይጠብቃሉ፣ ዝናብ ሲመጣ ይጠለላሉ ወይም መጠለያ ያጣሉ። ወደ ምድር ቤቱ የመኪና ማቆሚያ የሚያስገባው መንገድ የእግረኛውን መንገድ ይቆርጠው እንደሆነ፣ የጄኔሬተሩ ጭስ ወዴት እንደሚወጣ፣ ዊልቸር የሚጠቀም ሰው በዋናው በር መግባት ይችል እንደሆነ ያስተውሉ። እርምጃዎንም ይቁጠሩ። «ግድግዳው ያስጨንቃል» ከማለት ይልቅ «ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው ሰባ እርምጃ ስሄድ ያገኘሁት አንድ በር ብቻ ነው» ማለት ክርክሩን ከስሜት ወደ ማስረጃ ያሸጋግረዋል።

ከሕንፃው ፊት ሜዳ ካለ፣ ሜዳው መኖሩ ብቻውን ነጥብ አያሰጥም። እ.ኤ.አ. በ1958 በኒው ዮርክ የተጠናቀቀው፣ አርክቴክቱ ሚስ ቫን ደር ሮሄ የነደፈው የሲግራም ሕንፃ ከመንገዱ ወደ ኋላ በማፈግፈግ ለከተማው ሕዝብ ሰፊ አደባባይ ሰጠ፤ ሰዎችም በዝቅተኛ ድንበሮቹ ላይ ተቀምጠው ይጠቀሙበታል። ከተማው ይህን ወድዶ በ1961 ባወጣው የግንባታ ደንብ አደባባይ ለሚተው ባለሀብት ተጨማሪ ወለል እንዲሠራ ፈቀደ። ከዚያ በኋላ ከተሠሩት አደባባዮች ግን ብዙዎቹ መቀመጫና ጥላ የሌላቸው፣ ነፋስ የሚያፏጭባቸው ባዶ ሜዳዎች ሆኑ። ስለዚህ ተከራካሪዎ «ሰፊ ሜዳ ተትቶለታል» ካለዎት፣ ማን ተቀምጦበት እንዳየ ይጠይቁት።

ቀጥሎ የሚመረመረው ፀሐይ ነው፤ በእኔ እምነት የአዲስ አበባ ሕንፃዎች በዋናነት መመዘን ያለባቸው በዚህ ነው። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ገደማ ስለምትገኝ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከፍ ብላ ትውላለች፤ በመሆኑም በሰሜንና በደቡብ በኩል ያለን መስኮት ከላዩ ወደ ውጭ የወጣ አጭር ክዳን ያጠላዋል። በምሥራቅና በምዕራብ በኩል ግን የጠዋትና የከሰዓት ፀሐይ ዝቅ ብላ በቀጥታ ስለምትገባ ክዳኑ አይመክታትም፤ የሚያስፈልገው በቁም የተተከለ ማጥለያ ወይም ጠበብ ያለ መስኮት ነው። አራቱም ጎኖቹ አንድ ዓይነት መስታወት የለበሱ ሕንፃ ሲያዩ፣ ንድፍ አውጪው ፀሐይ በየት እንደምትወጣ አስቦ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለ ነፋሻማ ከተማ ውስጥ የሚከፈት መስኮት የሌለው ቢሮ ሠርቶ በአየር ማቀዝቀዣ ማስተንፈስ ለእኔ ከባድ የንድፍ ጉድለት ነው፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጉድለቱ ወዲያውኑ ይታያል። በአንድ ወቅት በምዕራብ ግድግዳው ሙሉ መስታወት በነበረ ቢሮ ውስጥ ስሠራ፣ ከሰዓት በኋላ ሁላችንም ካርቶን ለጥፈን መብራት እያበራን እንውል ነበር።

ፀሐይ የሚጎዳው በውስጥ ያለውን ብቻ እንዳልሆነ በለንደን በአድራሻው «20 ፌንቸርች ስትሪት» የሚባለው ሕንፃ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ2013 ገና ግንባታው ሳይጠናቀቅ፣ ወደ ውስጥ የጎበጠው የመስታወት ፊቱ ጨረሩን ሰብስቦ ወደ መንገዱ በመላኩ የቆመ መኪና አካል አቀለጠ፤ በኋላም የፀሐይ መከላከያ ተገጠመለት። የዚሁ አርክቴክት፣ የራፋኤል ቪኞሊ፣ ሥራ በሆነው በላስ ቬጋሱ ቪዳራ ሆቴልም ከዚያ ቀደም ብሎ ተመሳሳይ ችግር ታይቶ ነበር።

ስለ ግድግዳ ልባስ ሲነሣ ከቀለሙና ከአንጸባራቂነቱ አልፈው ውስጡን ይጠይቁ። በአገራችን አልኮቦንድ እየተባለ የሚጠራው ዓይነት የአሉሚኒየም ሰሌዳ በሁለት ስስ ሉሖች መካከል ሌላ ነገር የያዘ ነው፤ ያ ነገር የሚቀጣጠል ፕላስቲክ ነው ወይስ እሳትን የሚቋቋም? እ.ኤ.አ. ሰኔ 2017 በለንደን ግሬንፌል ታወር በተነሣው እሳት 72 ሰዎች ሲሞቱ፣ እሳቱ በውጭ በኩል በፍጥነት የወጣው በእንዲህ ያለ ፕላስቲክ በያዘ ልባስ ነበር፤ ሕንፃው የነበረውም አንድ ደረጃ ብቻ ነው። የማምለጫ ደረጃዎችን ብዛትና በሮቻቸው አለመቆለፋቸውን ሳይጠይቁ ስለ ንድፍ ጥራት መናገር አይቻልም።

ስለ ቁመትና ስለ ተምሳሌት አጭር ነገር ልበል። የዱባዩ ቡርጅ ኸሊፋ ከ828 ሜትሩ 244 ያህሉ ሰው የማይገለገልበት ጫፍ ነው። የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ሕንፃ 99.9 ሜትር እንዲሆን የተደረገው ደግሞ ኅብረቱ እንዲመሠረት እ.ኤ.አ. 9/9/1999 የወጣውን የሲርት መግለጫ ለማስታወስ ነው። ሐሳቡን አከብራለሁ፤ ነገር ግን መንገደኛ ሳይነገረው ሊያውቀው የማይችል ተምሳሌት የሕንፃውን ጥራት አያስረዳም። ለልምምድ የሚጠቅመው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አካባቢ ነው፤ በየካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀው 209 ሜትር ገደማ የሆነው ግንብ እና ፈረንሳዊው አርክቴክት አንሪ ሾሜት የነደፈው የባንኩ አሮጌ ክብ ሕንፃ ሁለቱም በአንድ እይታ በሚታዩበት ቦታ ይቁሙና፣ አዲሱ አሮጌውን ያጎላዋል ወይስ ያሳንሰዋል በሚለው ላይ ከጓደኛዎ ጋር ይከራከሩ። መልሱ እንደቆሙበት ቦታ ስለሚለያይ፣ ቦታ ለዋውጣችሁ እንደገና ተመልከቱ።

በመጨረሻ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት ይቀራል። መስታወት ሲወድቅ፣ ሊፍት ሲጨናነቅ ሁሉም በአርክቴክቱ ላይ ይጮኻል፤ ሆኖም የሊፍቱን ቁጥር የቀነሰው ወጪ የሚቆጥበው ባለቤት፣ ሥራውን ያበላሸው ተቋራጩ፣ ያለ አግባብ የፈቀደው ደግሞ ተቆጣጣሪው ሊሆን ይችላል። የቦስተኑ ጆን ሃንኮክ ታወር ለዚህ ጥሩ ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ መስታወቶቹ እየረገፉ ከ10,000 በላይ የሚሆኑት ሲቀየሩ ሕንፃው ለጊዜው በእንጨት ሰሌዳ ተሸፍኖ ነበር። ምክንያቱ እያንዳንዱ መስኮት ድርብ መስታወት ሆኖ የሁለቱን ንጣፎች ጠርዝ ያያያዘው ብየዳ ግትር በመሆኑ ንዝረቱን ወደ መስታወቱ ማስተላለፉ ነበር እንጂ የሕንፃው ቅርጽ አልነበረም። የአሜሪካ አርክቴክቶች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2011 ዘመን ለተሻገሩ ሥራዎች የሚሰጠውን ሽልማት ሰጠው። ያኔ «ሕንፃው ውድቅ ነው» ያለ ሰው ስለ መስታወቱ እውነት ተናግሯል፤ ስለ ንድፉ ግን ተሳስቷል። ስለዚህ ማስታወሻዎን ሲጽፉ ከእያንዳንዱ ጉድለት ጎን ውሳኔው የማን እንደነበር የሚያሳይ አንድ መስመር ይተዉ፤ ካላወቁም ባዶውን ይተዉት፣ በሚቀጥለው ጉብኝትዎ ጠይቀው ይሙሉት።