ላፕቶፑ ሳይጨናነቅ የሲንተሳይዘር ፕሪሴት ማስተካከል

ጎንደር ውስጥ ቤቱ ቁጭ ብሎ በላፕቶፕ ሙዚቃ የሚያቀናብር ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ሥራው ጥሩ ሄዶ ሄዶ አንድ ወፍራም ፕሪሴት (ተዘጋጅቶ የሚመጣ የሲንተሳይዘር ድምፅ) ሲጨመርበት ድምፁ እንደ ፈንዲሻ ይንጣጣል። ያኔ ብዙው ሰው አዲስ ላፕቶፕ ያምረዋል። ገንዘቡን ከማሰባችሁ በፊት ፕሪሴቱን ፈትሹት። ከፕለጊኑ (ላፕቶፑ ላይ ከሚጫነው የሲንተሳይዘር ፕሮግራም) ጋር የሚመጡ ፕሪሴቶች ብዙ ጊዜ የተሠሩት ብቻቸውን ሲሰሙ ጆሮ እንዲይዙ ነው። ከበሮና ድምፃዊ ሲገባ ግማሹ ጌጣቸው አይሰማም፤ ፕሮሰሰሩ ግን ሁሉንም ያሰላል።

ምንም ሳትነኩ መጀመሪያ ፕሪሴቱን በሌላ ስም ሴቭ አድርጉት።

ከዚያ ዩኒሰንን ፈልጉ። አንዱን ኖታ እያባዛ የሚያወፍረው እሱ ነው። ዩኒሰን 8፣ ኦሲሌተር (ድምፁን የሚያመነጨው ክፍል) 2፣ ኮርዱ ባለ 4 ኖታ ከሆነ በአንዴ 64 ሞገድ ይሰላል። 8ቱን ወደ 3 ብታወርዱት 24 ይሆናል። ድምፁ ከሳሳባችሁ ዲቲዩኑን (የተባዙት ድምፆች በቅኝት የሚራራቁበትን መጠን) ትንሽ ጨምሩ።

ቀጥሎ ፖሊፎኒ፣ ማለትም አብረው መሰማት የሚችሉ ኖታዎች ብዛት ነው። እዚህ ላይ የኛ ሙዚቃ ያግዛል። ማሲንቆ ያለው አንድ የፈረስ ጭራ ክር ነው። ስለዚህ የአዝማሪ ዜማ ስትጫወቱ ሞኖ (በአንዴ አንድ ኖታ ብቻ) ላይ አድርጉት፤ 16 ድምፅ ምን ያደርግለታል? ግላይድ ትንሽ ሲጨመርበት ከኖታ ወደ ኖታ መንሸራተቱም ይመጣል። ሸክሙም ቀለለ፣ ለዛውም ተገኘ። ክራር 5 ወይም 6 ክር ስላለው 6 ይበቃዋል።

ሪሊዝን አትርሱ። ጣታችሁ ከተነሳ በኋላም ድምፁ ከስሞ እስኪያልቅ ስሌቱ አይቆምም። ለፈጣን የእስክስታ ምት 4 ሰከንድ ሪሊዝ ትርፉ ጭቅጭቅ ነው፤ ከ1 ሰከንድ በታች አውርዱት።

ኦቨርሳምፕሊንግ (ለጥራት ሲባል ድምፁን አብዝቶ ማስላት) ካለ፣ ለምሳሌ ቫይታል የሚባለው ሲንተሳይዘር ላይ፣ ስትሠሩ ዝቅ፣ ኤክስፖርት ስታደርጉ ከፍ። ሪቨርብ (ድምፁን የሚያስተጋባው ኢፌክት) ደግሞ በየፕለጊኑ አይከፈት። አንድ ጥሩ ሪቨርብ ለብቻው ትራክ ላይ አድርጋችሁ ሁሉንም ወደዚያ ላኩ።

አሁንም ከተቆራረጠ የድምፅ ሴቲንግ ውስጥ በፈርን (ድምፁ ከመውጣቱ በፊት የሚጠራቀምበትን መጠን) ከ128 ወደ 512 ከፍ አድርጉ። በ44,100 ሳምፕል ሬት (በሰከንድ የሚወሰድ የድምፅ ናሙና ብዛት) መዘግየቱ ከ3 ወደ 12 ሚሊሰከንድ ገደማ ይሄዳል። ለሚክስ ችግር የለውም። ኪቦርድ በእጅ እየተጫወታችሁ ስትቀዱ ግን መልሱት፣ ምቱ እጃችሁ ላይ ይጎተታል።

ያለቀለትን ትራክ ፍሪዝ አድርጉ (ድምፁ አንዴ ተሰልቶ እንዲቀመጥ)፣ ወይም ወደ ኦዲዮ ለውጡና ፕለጊኑን አጥፉት። ይህን መብራት ሳይሄድ መጨረስ ይሻላል። ብዙ ላፕቶፖች በባትሪ ሲሠሩ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ቻርጅ ላይ እያለ ያልተቆራረጠው ፕሮጀክት ያኔ መንጣጣት ሊጀምር ይችላል።